የቤት ኮምፒውተር ቁልፍ፦ መዝጊያውን ከመክፈቻው ጋር

ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ የሚዘልቀው መንገድ ዛሪማን አቋርጦ ያልፋል። እዚህ ቆላ ፓስወርዱ የተረሳ ኮምፒውተር ባለሙያ ፍለጋ ያንን ዳገት መውጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ደባርቅ ላይ ካልተሳካ ደግሞ እስከ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ስለዚህ «ፓስወርድህን አክብድ» የሚለው የተለመደ ምክር ለዛሪማ ሰው ግማሽ ምክር ነው። ጥሩ የቤት ኮምፒውተር ቁልፍ ባለቤቱ ዞር ሲል በራሱ የሚዘጋ፣ ባለቤቱ ሲረሳም እዚያው ቤት ውስጥ የሚከፈት ነው።

መዝጋቱ ቀላል ነው። በዊንዶውስ የዊንዶውስን ምልክት የያዘውን ቁልፍ ከኤል ጋር መጫን ስክሪኑን ወዲያው ይቆልፋል፤ የተጀመረው ሥራ እንዳለ ይቆያል። ችግሩ ቡና ደረሰ ተብሎ የተጠራ ሰው ይህን አለማስታወሱ ነው። ማሽኑ እንዲያስታውስለት በስክሪን ሴቨር መቼት ውስጥ 5 ወይም 10 ደቂቃ ሞልቶ፣ ሲመለስ የመግቢያውን ገጽ እንዲያሳይ የምታዝዘው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። በሴቲንግ ውስጥ አካውንት ሥር ባለው የሳይን ኢን አማራጭም ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ ፓስወርድ እንዲጠይቅ ይደረጋል። የስክሪን መጥቆር ብቻውን መቆለፍ አይደለም፤ እነዚህ ካልተስተካከሉ ማውስ የነካ ሁሉ የተከፈተውን ደብዳቤ ሊያነብ ይችላል።

ፓስወርዱን ስንመርጥ የራሳችንን ልማድ ማሰብ አለብን። ከስማችን ጋር የአባትና የአያት ስም በመታወቂያና በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አብሮ ይጻፋል፤ ስልክ ቁጥራችንንም ጎረቤት ያውቀዋል። በአባት ስም ላይ 1234 መጨመር እንግዳን እንጂ የአገር ሰውን አያግድም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ፊደልና ምልክት ከማደባለቅ ይልቅ ርዝመትን አስቀድሟል፤ ያለ ምክንያት በየጊዜው መቀየርንም አይመክርም። ለእኛ የሚመቸው እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ መጻፊያ የሚሠራው ከተገባ በኋላ ስለሆነ በመግቢያው ገጽ ላይ አይደርስልንም። አጻጻፉ ግን አንዴ ከተወሰነ አይለዋወጥ።

«በአንድ ቤት ውስጥ ቁልፍ አለመተማመን ነው» የሚሉ አሉ። እውነት የሚሆነው ሁሉም በአንድ አካውንት ሲገባና አንዱ ፓስወርዱን ሲደብቅ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱን አካውንት መክፈት፣ የልጆቹንም ያለ አድሚን ሥልጣን ማድረግ የአንዱ ጨዋታ የሌላውን ሰነድ እንዳያጠፋ ይረዳል። «ብረሳውስ?» የሚለው ሥጋት ይበልጥ ይከብዳል። የማይክሮሶፍት አካውንትን ፓስወርድ ለማደስ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ደግሞ መረብ ሁልጊዜ እንደማይገኝ አሳይቷል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ሎካል አካውንት ሲከፈት ፓስወርዱ ቢረሳ ለማደስ የሚያገለግሉ ሦስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይመዘገባሉ። የት ተወለድክ ለሚለው እውነቱን መመለስ ግን ግዴታ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ያንን መልስ የማያውቅ የለምና። መልሱንና ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር ማስቀመጥም ነውር የለውም፤ ከሩቅ የሚሰርቅ ወረቀቱን አያገኘውም።

ሌባ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ማሽን ላይ ቢሰካ ፓስወርድ ብቻውን አያስቆመውም፤ ለዚያ ዲስኩን መመስጠር ያስፈልጋል፣ የመመለሻ ቁልፉም ለብቻው መቀመጥ አለበት። ይህ ግን የስክሪን ቁልፍን ከንቱ አያደርገውም። በቤት ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥመው ተከፍቶ የተተወ ስክሪን ነው፤ እሱን ለመዝጋት ገንዘብም ባለሙያም አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ የጥያቄዎቹን መልስ በወረቀት ማስፈር፣ ቀጥሎ ደቂቃውን መሙላት፣ ፓስወርዱን ማርዘም ደግሞ በመጨረሻ ነው።