የዘይት ቀለም ሠዓሊ ቀኑን ሙሉ ምን ይጠብቃል?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአንድ የዘይት ቀለም ሠዓሊ መሥሪያ ክፍል ብትገቡ፣ መጀመሪያ የምታዩት ሥዕል ሲሣል አይደለም። ሠዓሊው ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት ግድግዳ ተደግፈው ወደቆሙት ሸራዎች ይሄድና የአንዱን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ጣቱን ያያል። ቀለም ካልያዘው ደስ ይለዋል፤ ከያዘው ያንን ሸራ ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ብዙ ሠዓሊዎች በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ሥዕል የሚጀምሩት ሐሳባቸው ስለሚበታተን እንዳይመስላችሁ። አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ላይ እየሠሩ ነው።

መድረቁ ስንት ቀን ይፈጃል? ስስ ሽፋን ከሆነ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ወራት። ሠዓሊው ግን የሚኖረው ሥዕሉን ሸጦ ነው። የቤት ኪራይ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ ደንበኛውም «ለሠርግ ስጦታ ነው፣ በሦስት ሳምንት አድርስልኝ» ይላል። ስለዚህ የዚህን ሰው ኑሮ ለመረዳት አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ መመለስ አለብን፦ ለመሆኑ የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንዴት ነው?

ልብስ አጥባችሁ ስታሰጡ ውሃው ይተናል፣ ልብሱ ይደርቃል። የውሃ ቀለምም እንደዚሁ ነው። ዘይት ግን አይተንም! ወጥ ቤት ውስጥ የፈሰሰ ዘይት በማግስቱም እዚያው ነው። ታዲያ ሥዕሉ ላይ ያለው ዘይት የት ይሄዳል?

የትም አይሄድም። እዚያው ሆኖ ሌላ ነገር ይሆናል።

የዘይት ቀለም ሁለት ነገር ነው፦ በደንብ የተፈጨ የቀለም ዱቄትና ዱቄቱን የሚይዘው ዘይት። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የተልባ ነው። አዎ፣ ያው በጾም ወቅት በጥብጠን የምንጠጣው፣ ፍትፍት የምንሠራበት ተልባ። የተልባ ዘይት ሞለኪውሎች ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች አሏቸው፤ በሰንሰለቶቹ ላይ ደግሞ ድርብ ትስስር የሚባሉ ቦታዎች አሉ። የአየር ኦክስጅን የሚያጠቃው እነዚህን ቦታዎችና አጠገባቸው ያሉትን ነው። ኦክስጅን ሲገባ አንዱ ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፣ ያኛውም ከሌላው ጋር፤ በመጨረሻ ፈሳሹ ወደ ጠንካራ መረብ ይቀየራል። ኬሚስቶች ፖሊመር ይሉታል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የደረቀ ልብስ ክብደቱ ይቀንሳል። የተልባ ዘይት ግን ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ኦክስጅን እየበላ ነው! ጭማሪው ከ10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ቀለም ቱቦው ውስጥ ለዓመታት ሳይደርቅ የሚቆየውም ለዚሁ ነው፤ አየር አያገኝም። የቆርቆሮ ቱቦውን ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 እስኪያመጣው ድረስ ሠዓሊዎች ቀለም የሚያስቀምጡት በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር። ፊኛውን በስተው ቀለሙን ያወጣሉ፣ ቀዳዳውን መልሶ መድፈን ግን ጣጣ ነው።

ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ንጹሕ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ፤ አጠገቡ አንድ ጠብታ የወይራ ዘይት። በየቀኑ ዳር ዳሩን ንኩ። ተልባው ቀስ በቀስ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ወይራው እዚያው ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ በአብዛኛው ሰንሰለቱ ላይ ያለው ድርብ ትስስር አንድ ብቻ ነው፣ ተልባው ላይ ግን እስከ ሦስት ይደርሳል። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ አትጣሉት፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ወደ ሠዓሊው እንመለስ። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል፣ ቀለም እየቀላቀለ ነው። የመጀመሪያውን ሽፋን በተርፐንታይን ያቀጥነዋል። ተርፐንታይን በእርግጥ ይተናል፤ ክፍሉን የሚሞላው ሽታ የእሱ ነው፣ መስኮት ካልተከፈተ ራስ ያሳምማል። ለዚህ ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም ነው። አምበር አፈር ነው፣ ውስጡ ማንጋኒዝ አለበት፣ ማንጋኒዝ ደግሞ የዘይቱንና የኦክስጅኑን ሥራ ያፋጥናል። ከአጥንት የሚሠራው ጥቁር ግን በጣም ይዘገያል። እንግዲህ ሠዓሊው ቀለም ሲመርጥ መልኩን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የቀን መቁጠሪያም እያየ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ብርዱ፣ እርጥበቱና የብርሃኑ ማነስ ተደማምረው ሁሉንም ያዘገዩበታል።

ሠዓሊዎች ተማሪ ሳሉ የሚነገራቸው ሕግ አለ፦ ዘይቱ ያነሰው ከታች፣ ዘይቱ የበዛው ከላይ። ዘይት የበዛበት ሽፋን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ከደረቀም በኋላ ትንሽ ይለመጣል። ነገሩ ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ክፋቱ ስንጥቁ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ሥዕሉ ተሸጦ፣ ገንዘቡ ተበልቶ፣ ከዓመታት በኋላ የደንበኛው ግድግዳ ላይ ብቅ ይላል።

ወፍራም ቀለም የራሱ ችግር አለው። ትኩስ ወተት ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት አስቡ፦ ላዩ ቆዳ፣ ሥሩ ፈሳሽ። ቪንሰንት ቫን ጎህ ቀለም በወፍራሙ ይለጥፍ ነበር፣ ፍጥነቱም ለጉድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ኦቨር በምትባል የፈረንሳይ መንደር በኖረባቸው 70 ቀናት ገደማ 70 የሚጠጉ ሥዕሎች ሠርቷል። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ሰው መቼ ያደርቀዋል? ዛሬ የሙዚየም ባለሙያዎች አንዳንድ ሥዕሎቹን ቀረብ ብለው ሲያዩ የተጨፈለቁ የቀለም ጉብታዎች፣ እላያቸውም ላይ የሌላ ሸራ የክር አሻራ ያገኛሉ። ሳይደርቁ ተደራርበው ነበር ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ያ የሠርግ ስጦታ ደንበኛ ይደውላል። ሥዕሉ ሲነካ ደርቋል፣ ስለዚህ መስጠት ይቻላል። ቫርኒሽ መቀባት ግን አይቻልም፤ የተለመደው ምክር ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው፣ ውስጡ ገና ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ። ጥሩ ሠዓሊ ይህን ለደንበኛው ይነግረዋል፣ «ከዓመት በኋላ አምጣልኝ፣ እቀባዋለሁ» ይላል። በእኔ እይታ የሙያው ታማኝነት በደንብ የሚታየው እዚህ ጋ ነው፤ ዝም ብሎ ቀብቶ ቢያስረክብ ማን ያውቅበታል?

ወደ ማታ ብሩሾቹን በሳሙና ያጥባል። አሁን ስለ ጨርቁ።

ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ይወጣል። ሸራ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ወዲያው ወደ አየር ይበተናል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ውስጥ ሲወረወር ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሙቀት ሲጨምር ውህደቱ ይፈጥናል፣ ውህደቱ ሲፈጥን ሙቀቱ ይብሳል። ከሰዓታት በኋላ ጨርቁ ክብሪት ሳይጫር ብቻውን ሊነድ ይችላል። የፈጠራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ በሚባል ባለ 38 ፎቅ ሕንጻ 22ኛ ፎቅ ላይ፣ እንጨት ለማደስ ያገለገሉና የተልባ ዘይት የነካቸው ጨርቆች ተቀጣጠሉ። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

ሠዓሊያችን ስለዚህ ጨርቆቹን አይጥላቸውም። አንድ በአንድ ዘርግቶ ውጭ ገመድ ላይ ያሰጣቸዋል፣ ወይም ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ውሃ ውስጥ ይነክራቸዋል። ከቀናት በኋላ ገመዱ ላይ ያሉት እንደ ካርቶን ደርቀው፣ በጣት ሲመቷቸው ኳ ኳ የሚሉ ሆነው ያገኛቸዋል።