ስልካችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት

አፕ ስትከፍቱ ስልካችሁ ስታክ ካደረገ ጥፋቱ የስልኩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አፑ የተሠራባቸው ላይብረሪዎች ይህቺኑ ጊዜ ይሻሟታል፤ ካለቀች ምስሉ ይዘላል።

ለዚህ ነው ፕሮግራመሮች አንዷን የኮድ ቁራጭ ነጥለው ደጋግመው የሚለኩት። ማይክሮቤንችማርክ ይሉታል። ቀላል ይመስላል፤ ስልክ ግን አታላይ ነው። ኮዱ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይዘገያል፣ ሲደጋገም ይፈጥናል፤ ስልኩ ሲግል ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአንድሮይዱ ጄትፓክ ቤንችማርክ ለዚህ መላ አለው፦ መጀመሪያ ኮዱን ያሟሙቃል፣ ስልኩ ከጋለ እስኪበርድ ቆም ይላል፤ ባትሪው ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ወይም ልኬቱ በኢሙሌተር ከተሠራ ያስጠነቅቃል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አማካይ ገቢ የድሃውን ኑሮ እንደሚደብቅ ነግረውናል። እዚህም ያው ነው፤ አንድ ክፉ ዙር አማካዩን ያበላሸዋል፣ ሚዲያኑን ማየት ይሻላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደግሞ ጊዜውን የበላው የትኛው ፋንክሽን እንደሆነ ፕሮፋይለር ያሳብቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ልኬት በውድ ስልክ ብቻ ከተሠራ፣ 2 ጊጋ ራም ያለው የእኔ ስልክ ከሂሳቡ ውጪ ነው።