የፍሳሽ ፓምፕ ምርጫ እና የሰው ሕይወት

ፍሳሽ በተፈጥሮው ቁልቁለትን ተከትሎ ይወርዳል። መሬቱ ተዳፋት በኾነበት ስፍራ ቱቦ ዘርግቶ መልቀቅ ይበቃል። እንደ ባሕር ዳር ባሉ ሜዳማ ከተሞች፣ ከመንገድ ዝቅ ብለው በተሠሩ ሕንፃዎች፣ እንዲሁም እበት እና ሽንት በጉድጓድ በሚጠራቀምባቸው የወተት ላም እርባታ እና የከብት ማድለቢያ ስፍራዎች ግን ፍሳሹን ከዝቅታ የሚያነሣ ኃይል ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው በፍሳሹ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራው ጠላቂ ፓምፕ ነው። በገበያው ሰብመርሲብል በሚለው ስሙ ይታወቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ለንጹሕ ውኃ የተሠራ ፓምፕ ለፍሳሽ ሲውል ነው። የንጹሕ ውኃ ፓምፕ ኢምፔለር፣ ማለትም ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ጭድ፣ ጨርቅ ወይም ፌስታል ሲገባበት ይታነቃል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ጉድጓዱም ሞልቶ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከሁሉ የከፋ ነው። የታነቀውን ፓምፕ ለማላቀቅ ሰው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል።

ከበሰበሰ እበት እና ከሰገራ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። በጥቂቱ ሲኖር እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ያህል ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሰውየውም ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከ500 እስከ 1 ሺህ ሲደርስ ራስን አስቶ በአጭር ጊዜ ይገድላል። የወደቀውን ለማዳን ተከትሎ የሚወርደውም በዚያው ሊቀር ይችላል። የፍሳሽ ፓምፕ ምርጫ ከወጪም በላይ የሕይወት ጉዳይ የሚኾነው ስለዚህ ነው።

ጠላቂ ፓምፕ ሞተሩ እና ኢምፔለሩ በአንድ ውኃ በማያስገባ አካል የታሸጉ ናቸው። ፍሊግት በተባለው የስዊድን ኩባንያ መሐንዲሱ ሲክስተን ኤንግለሶን እ.ኤ.አ. በ1947 ውኃ ማንጣፈፊያ ጠላቂ ፓምፕ ሠራ፤ በ1956 ደግሞ ለፍሳሽ የሚኾነው ተከተለ። መሣሪያው ለደጋማ አካባቢ የተለየ ጥቅም አለው። ከመሬት በላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውኃ የሚመጥጠው በከባቢ አየር ግፊት እገዛ ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ውኃን በስሌት 10 ሜትር ያህል ሊያስነሣ ይችላል። 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ግን ወደ 8 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ጠላቂው ፓምፕ በፍሳሹ ውስጥ ስላለ መምጠጥ አይጠበቅበትም፤ ከታች ይገፋል።

ጠላቂ ፓምፖች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ዓይነት ኢምፔለሩ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ፍሳሹን በአዙሪት የሚገፋ ነው። ጠጣሩ አብዛኛውን ጊዜ ኢምፔለሩን ሳይነካ ስለሚያልፍ እምብዛም አይታነቅም፤ በአንጻሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሁለተኛው ሰፊ መተላለፊያ ያለው ሲኾን ኃይል ይቆጥባል፤ ለመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠጣር የሚያሳልፍ እንዲኾን ይመከራል። ሦስተኛው ጠጣሩን ቆራርጦ በቀጭን ቱቦ የሚልክ ነው፤ ነገር ግን አሸዋ እና ጠጠር ስለቱን ቶሎ ያዶለዱሙታል። ጠመዝማዛ ኢምፔለር ያለው አራተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1960 በፔሩ ዓሣን ሳይጎዳ ከጀልባ ለማውረድ የተፈጠረ ነበር፤ ዛሬ ወፍራም ዝቃጭ ይገፋል።

ፓምፑ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። በእበት ጉድጓድ ውስጥ ጭዱ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራል፤ አፈር እና አሸዋው ወለሉ ላይ ይረጋል። ሳያማስሉ መሳብ ቀጭኑን ብቻ ያወጣል፤ ጉድጓዱም ከዓመት ዓመት በደለል እየጠበበ ይሄዳል። ጠላቂ ማማሰያ፣ በተለምዶ ሚክሰር፣ እንደ መርከብ መቅዘፊያ በሚሽከረከር ክፍሉ ፍሳሹን ያንቀሳቅሳል፤ ሲሠራም ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት። ለማሳም ይጠቅማል። የእበቱ ፎስፈረስ በአብዛኛው ከጠጣሩ ጋር ስለሚኖር ያልተማሰለ ፍሳሽ ለማሳው ወጥ ማዳበሪያ አይኾንም። ይሁን እንጂ ማማሰል የታመቀውን ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ማማሰያው ከመነሣቱ በፊት ሰው እና ከብት ከጉድጓዱ አካባቢ መራቅ አለባቸው።

ፓምፕ የሚገዛ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባዋል። የመጀመሪያው በመተላለፊያው ምን ያህል ስፋት ያለው ጠጣር እንደሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ፓምፑ በሰንሰለት እና በመሪ ብረት ከላይ ኾኖ መውጣትና መግባት መቻሉ ነው፤ ይህ ሲኖር ለጥገና ማንም አይወርድም። ሦስተኛው የቱቦው ስፋት ከፓምፑ ጋር መመጣጠኑ ነው። ፍሳሹ በሰከንድ ቢያንስ 0.7 ሜትር ያህል ካልተጓዘ ጠጣሩ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፤ ስለዚህ ከልክ በላይ የሰፋ ቱቦም ይዘጋል።

ከተተከለ በኋላም ክትትል ይሻል። ብዙዎቹ ጠላቂ ፓምፖች ሞተራቸው የሚቀዘቅዘው በዙሪያቸው ባለው ፍሳሽ ነው፤ የፍሳሹ ከፍታ አምራቹ ከወሰነው በታች ሲወርድ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ መኖር አለበት። በማሸጊያዎቹ መካከል ያለው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይቃጠል ማሸጊያውን መቀየር ይገባል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ገመዱ ተዛውሮ ከታሰረ ወደ ኋላ ይዞራል፤ እየሠራም የሚገፋው ጥቂት ብቻ ይኾናል።

ጥቂት ላሞች ያሉት አርሶ አደር ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ለቤተሰብ ባዮጋዝ እበት እና ውኃን እኩል ለእኩል በመግቢያው ላይ ማማሰል በቂ ነው፤ የተብላላው ዝቃጭ በራሱ ግፊት ይወጣል። የላሞቹ ቁጥር ጨምሮ ጉድጓዱ ሲሰፋና ሲጠልቅ ግን ፓምፑ እና ማማሰያው ከጉድጓዱ ቁፋሮ ጋር አብረው መታቀድ ይኖርባቸዋል። ዳይፐር፣ ጨርቅ፣ ፌስታል እና የማዳበሪያ ከረጢት ክር ወደ ፍሳሽ አለመጣል የሁሉም ተጠቃሚ ድርሻ ነው። ፓምፑ ቢታነቅ እንኳ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ፓምፑን ከላይ ኾኖ ማውጣት ይገባል። የጋዝ መለኪያ እና የመተንፈሻ መሣሪያ የያዘ የሠለጠነ ባለሙያ ካልኾነ በስተቀር ማንም ወደ ጉድጓዱ መውረድ የለበትም።