ስለ ፕሮሰስ ቁጥር ወሰን፤ «ሜሞሪ ጨምሩ» እያሉ ለሚያዝዙ ሁሉ

ከሰሞኑ በሥራ ላይ ያየሁትን ነገር ዐይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ለማለፍ ኅሊናዬ እንቢ ስላለኝ፣ ለዚህ ሳምንት ያዘጋጀሁትን ሌላ ጽሑፍ ወደ ጎን አድርጌ ይህን ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥራት ለማንም ስለማይጠቅም ልተወውና፣ በጃቫ የተሠራው የክፍያ አገልግሎቱ በሥራ ሰዓት እየቆመ ሲያስቸግረው፣ በሎጉ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር» የሚለውን ቃል ያዩት ኀላፊዎች ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም የተጻፈውን ሳያነቡ የሂፑን መጠን እጥፍ አስደረጉት፤ አገልግሎቱ እንደገና ሲቆም ለሰርቨሩ የሚሆን ተጨማሪ ሜሞሪ እንዲገዛ ጠየቁ፤ ግዢው ጸድቆ፣ ሜሞሪው ተገጥሞ፣ አገልግሎቱ አሁንም ሲቆም ደግሞ በብዙ ገንዘብ የተጠራ አማካሪ መጥቶ «ወሰኑን ሁሉ አንሡት፤ ኢንፊኒቲ ይሁን» ብሎ አዘዘ።

ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ነገሩን እንድመለከት በተጠራሁ ጊዜ ያገኘሁት ይህ ነው። ከሰርቨሩ ሜሞሪ ከእኩሌታው የሚበልጠው ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ አገልግሎቱ በሚያድርበት ሲግሩፕ ማውጫ ውስጥ ወሰኑን የሚይዘው «ፒድስ.ማክስ» የተባለው ፋይል 512 ይላል፤ አሁን ያለውን ቁጥር የሚያሳየው «ፒድስ.ከረንት» የተባለውም 512 ይላል፤ ክልከላዎችን በሚቆጥረው በ«ፒድስ.ኢቨንትስ» ውስጥ ያለው ቁጥር ደግሞ ፋይሉን በከፈትሁት ቁጥር ሲጨምር ይታያል። እነዚህን ሦስት አጫጭር ፋይሎች ማንበብ ማንንም የማያደክም ሆኖ ሳለ፣ ይህን ያህል ገንዘብና ጊዜ እስኪባክን ድረስ አንድ ሰው እንኳ አላነበባቸውም።

ሲግሩፕ ማለት ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን አድርጎ የሚጠቀሙበትን ሀብት የሚወስንበት ዘዴ ነው፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ ይህን ቻናል የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋልና። ታሪኩን ግን ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጉግል መሐንዲሶች ፖል ሜናጅና ሮሂት ሴት የጀመሩት ይህ ሥራ በ2008 መጀመሪያ በወጣው 2.6.24 የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገብቶ ውሎ አድሮ ሜሞሪንና ሲፒዩን በየሥርዓቱ መመደብ ሲያስችል፣ የፕሮሰስን ቁጥር የሚወስን ተቆጣጣሪ ግን እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ አልነበረውም፤ ይህን ጉድለት የሞላው አሌክሳ ሳራይ የጻፈውና በ4.3 ከርነል የገባው «ፒድስ» የተባለው ተቆጣጣሪ ነው። «ሜሞሪን ከወሰንን ፕሮሰሱም አብሮ ይወሰናል» የሚለው አሳብ ለምን እንደማይበቃ ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። በልማድ የከርነሉ የፒአይዲ ጣሪያ 32768 ሲሆን፣ በ64 ቢት የኢንቴል ዐይነት ማሽን ላይ እያንዳንዱ ትሬድ ለከርነል ስታክ 16 ኪሎባይት ቢወስድ፣ ያን ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የስታክ ሜሞሪ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው። እንግዲህ ብዙ ጊጋባይት ያለው ሰርቨር የሜሞሪ ጭንቀት ሳይሰማው የፒአይዲ ቁጥሩ ተሟጦ ሊቆም ይችላል ማለት ነው፤ የፕሮሰስ ቁጥር ራሱን የቻለ ሀብት ነው የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ በተራ ቍጥርም ላስቀምጠው።

1ኛ. ይህ ተቆጣጣሪ የሚቆጥረው ፕሮሰስን ብቻ ሳይሆን ትሬድን ሁሉ ነው። ስለዚህ በ«ፒኤስ» ትእዛዝ አንድ የጃቫ ፕሮሰስ ብቻ አይቶ «እኛ ያለን አንድ ፕሮሰስ ነው፤ 512 እንዴት ሞላ?» ብሎ የሚከራከር ሰው ትሬዶቹን ጨምሮ የሚያሳየውን አማራጭ ተጠቅሞ ዳግመኛ ይመልከት። ሞቶ ወላጁ ያላነሣው ዞምቢ ፕሮሰስም እስኪነሣ ድረስ ከቁጥሩ አይወጣም፤ በኮንቴይነር ውስጥ ፒአይዲ 1 ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም ልጆቹን የማያነሣ ከሆነ ወሰኑ በሙታን ብቻ ይሞላል።

2ኛ. የሚከለክለው አዲስ መውለድን ብቻ ነው። ፎርክ ወይም ክሎን ሲጠራ ከርነሉ ከዚያ ሲግሩፕ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ ቅድመ አያቶቹ ድረስ ያለውን ወሰን ሁሉ መርምሮ፣ አንዱ እንኳ ከሞላ «ኢ-ኤጌይን» የተባለውን መልስ ሰጥቶ ይመልሰዋል፤ የሚሠራውን ፕሮሰስ ግን አይገድልም። ወሰኑን አሁን ካለው ቁጥር በታች ብናወርደው ወይም ሌላ ፕሮሰስ ከውጭ ወደዚያ ሲግሩፕ ብናዛውር አይከለከልም፤ ስለዚህም «ከረንት» ከ«ማክስ» በልጦ ቢገኝ የከርነል ስሕተት አይደለም። «ዩሊሚት እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ነው፦ ዩሊሚት የሚቆጥረው በተጠቃሚው መለያ ቁጥር ስለሆነ፣ በአንድ መለያ የሚሠሩ ሁለት አገልግሎቶች አንዱ የሌላውን ድርሻ ይበላል፤ በዚያም ላይ ሩት የሆነውን ተጠቃሚ አይመለከተውም። የሲግሩፑ ወሰን ግን ለሩትም ለሌላውም እኩል ይሠራል።

3ኛ. የስሕተቱ መልእክት። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ጽሑፉን የጀመርሁት ስለዚህ ነውና።

የጃቫው ማሽን አዲስ ትሬድ ሊፈጥር ከርነሉን ሲጠይቅ «ኢ-ኤጌይን» ተብሎ ቢመለስ፣ ይህን ክልከላ ለፕሮግራሙ የሚያስታውቀው በ«አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር» ስም ነው። ስያሜው ከጥንት የመጣ ያልታደለ ስያሜ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከስሙ ቀጥሎ «ኔቲቭ ትሬድ መፍጠር አልተቻለም» የሚል ቃል በግልጽ ተጽፏል፤ በኋለኞቹ እትሞችም «ምናልባት ሜሞሪ አልቆ ወይም የፕሮሰስና የሀብት ወሰን ተደርሶ ይሆናል» የሚል ተጨምሮበታል፤ ከዚያም አንድ መስመር ከፍ ብሎ ብዙውን ጊዜ ትሬዱን ማስጀመር አለመቻሉንና ምክንያቱም «ኢ-ኤጌይን» መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ አለ። እውነቱ እንዲህ በሁለት መስመር ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ በየግሩፑ የሚላክልኝ ፎቶ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ብቻ ቆርጦ የያዘ ነው፤ በሥሩም «ሂፑን ጨምር»፣ «ራም ጨምር»፣ «እኔም ጨምሬ ተስተካክሎልኛል» የሚል ምክር ይደረደርበታል።

ይህ ምክር በሙያችን ላይ የገባ ኑፋቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም አለመጥቀሙ ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው። የትሬድ ስታክ የሚያዘው ከሂፕ ውጭ ነው፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ጃቫ ለእያንዳንዱ ትሬድ በልማድ 1 ሜጋባይት የአድራሻ ቦታ ለስታኩ ይይዛል። እንግዲህ ኮንቴይነሩ የሜሞሪ ወሰን ተደርጎበት ሳለ ሂፑን ባሳደጋችሁት መጠን ለትሬዶች ስታክ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል እንጂ አይሰፋም፤ ትናንት በትሬድ ቁጥር ይቆም የነበረው አገልግሎት ነገ በእውነተኛው የሜሞሪ እጦት ተገድሎ ይገኛል። ድግስ ቤቱ መቀመጫው ሞልቶ እንግዳ ከደጅ ሲመለስ፣ እንጀራ ቢጋገር ለተመለሰው እንግዳ መቀመጫ አይሆነውም።

ወሰኑ ደግሞ በዚህ ነገር ውስጥ ጥፋተኛ አልነበረም፤ እውነቱን የተናገረ ብቸኛ ምስክር እርሱ ነበር። የትሬዶቹን ዝርዝር በ«ጄስታክ» ባወጣሁ ጊዜ «ፑል-1-ትሬድ-1»፣ «ፑል-2-ትሬድ-1»፣ «ፑል-3-ትሬድ-1» እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ጃቫን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ማስረጃ አይሻም። የኮዱ ጸሐፊ በእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ አዲስ የትሬድ ፑል እየከፈተ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይዘጋው ይሄዳል፤ ትሬዶቹም ሥራ ፈትተው ይከማቻሉ። ወሰኑ 512 ቢሆን በሰዓታት፣ አምስት ሺህ ቢሆን በቀናት ይሞላል። ማስተካከያው አንድ ፑል በመነሻው ከፍቶ ሁሉም ጥያቄ በእርሱ እንዲያልፍ ማድረግ ሲሆን፣ ይህም ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

አማካሪው ያዘዘው «ኢንፊኒቲ» ምን እንደሚያመጣም በግምት አልናገርም፤ በሌላው ሰርቨራቸው ቀድሞ ተፈጽሞ ስለ ነበር በዐይኔ አይቻለሁ። ያው ኮድ በዚያ ያለ ወሰን ሲሠራ የማሽኑን የፒአይዲ ቁጥር በሙሉ ጨርሶ፣ ከእርሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው አገልግሎቶች ሁሉ አብረው ቆሙ፤ ኤስኤስኤች ለእያንዳንዱ ገቢ ፎርክ ማድረግ ስላለበት አስተዳዳሪው እንኳ መግባት አልቻለም። አስቀድሞ ባሽ ተከፍቶለት የነበረ አንድ ሠራተኛ ባይኖር ኖሮ ማሽኑን ኀይል አቋርጦ ከማስነሣት በቀር መንገድ አልነበረም፤ «ኪል» በባሽ ውስጥ አብሮ የተሠራ ትእዛዝ ስለሆነ አዲስ ፕሮሰስ አይፈልግምና ባለጌውን ፕሮሰስ በእርሱ አስወገደው። ይህን እወቁት፤ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ የተቋማቱ ነገር ነው። ግዢ ክፍሉ ሜሞሪ ለመግዛት የሚያስፈልገው ፊርማ በሳምንት ይሰበሰባል፤ ኮዱን የጻፈው ድርጅት አንድ ክፍል እንዲያርም ለማስገደድ ግን ውሉ አይፈቅድም ይባላል። ማሠልጠኛዎቹም ደቀ መዛሙርታቸውን የኩበርኔቲስን ያምል ፋይል ሲያስገለብጡ ይከርማሉ እንጂ፣ ከርነሉ ፎርክን ለምን እንደሚከለክል የሚያስተምሩበት አንድ ሰዓት የላቸውም፤ የምስክር ወረቀቱ ግን በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የስሕተትን መልእክት እስከ መጨረሻው ማንበብን ያላስተማረ ትምህርት ቤት ስለ ክላውድ ምን ያስተምራል? ሰው ሁሉ ከርነል ይጻፍ አላልሁም፤ የተጻፈለትን ያንብብ ነው የምለው።

ሌላም አለ። ወሰን ሲባል ያገኙትን ቁጥር መጻፍ አይደለም። ሲስተምዲ በ228ኛው እትሙ፣ በ2015 መጨረሻ ማለት ነው፣ «ታስክስማክስ» ለእያንዳንዱ አገልግሎት በልማድ 512 እንዲሆን ቢወስን፣ ትልልቅ አገልግሎቶች ስለ ተጨነቁበት በ231ኛው እትም 15 በመቶ ተደረገ፤ ያም በ32768 ጣሪያ ሲሰላ 4915 ነው። ከ243ኛው እትም ወዲህ ግን በ64 ቢት ማሽን ሲስተምዲ የፒአይዲውን ጣሪያ ወደ 4194304 ስለሚያደርሰው፣ 15 በመቶው በትልቅ ሰርቨር ላይ እጅግ ሰፊ ሆኗል፤ የአገልግሎታችሁን ወሰን ራሳችሁ ጻፉ እንጂ በልማዱ አትመኩ።

ዶከር «ፒድስ-ሊሚት» የሚለውን አማራጭ ከ2016 ጀምሮ ይዟል፤ ካልሰጣችሁት ግን ወሰን የለውም፤ ፖድማን በአንጻሩ ሳይጠየቅ 2048 ያደርጋል። በኩበርኔቲስ ነገሩ ይበልጥ ይደበቃል፤ «ፖድ-ፒድስ-ሊሚት» የሚጻፈው በፖዱ ያምል ላይ ሳይሆን በኩብሌቱ ማዋቀሪያ ላይ ስለሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው አያገኘውም፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ይረሳዋል፤ ካልተጻፈ ከ-1 ጋር አንድ ነው፣ ወሰን የለም ማለት ነው። ይህ ከ1.20 እትም ጀምሮ የጸና አገልግሎት ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ያላዋቀሩት ክላስተሮች ሞልተዋል። ለኖዱም ራሱ የሚሆን ፒአይዲ አስቀድሞ ማስቀረት ይቻላል፤ እባካችሁ አስቀሩ።

ቁጥሩን እንዴት እንምረጥ ለምትሉኝ፦ ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን የመሰለ ሥራ የሚበዛበትን ጊዜ ጨምራችሁ «ከረንት» የሚደርስበትን ከፍታ ተከታተሉ፤ ወሰኑን ከዚያ እጥፍ አካባቢ አድርጉት፤ «ኢቨንትስ» ከዜሮ በተነሣ ጊዜ የሚጮኽ ማንቂያም ግጠሙበት። «ፎርክ በፒድስ ተቆጣጣሪ ተከለከለ» የሚለውን የከርነል መልእክት ብቻ አትጠብቁ፤ ለአንድ ሲግሩፕ የሚጻፈው በመጀመሪያው ክልከላ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና ከሎጉ ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ የሜሞሪ ግዢ ጥያቄ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ የአገልግሎቱ «ፒድስ.ማክስ»፣ «ፒድስ.ከረንት» እና «ፒድስ.ኢቨንትስ» ንባብ ከወረቀቱ ጋር ተያይዞ ካላያችሁ አትፈርሙ። ይህን ጽሑፍም «ራም ጨምር» እያለ ለሚመክራችሁ ሰው አስተላልፉለት።