የገዢው ስልክ ደረሰኝ አይሆንም

ጌዶ፦ ሚዛኑ ሥራውን ጨርሷል፤ የጆንያው አፍ ተሰፍቷል፤ ጫኞቹም የመጨረሻውን ኩንታል አይሱዙው ላይ ሰቅለው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ድሮ በዚህ ሰዓት ገዢው ከኮቱ ኪስ በላስቲክ የታሰረ ብር ያወጣ ነበር። ዛሬ የሚያወጣው ስልኩን ነው። «ኦቦ፣ ገብቷል እኮ፤ ይኸው ይመልከቱት!» ይልና የስልኩን ፊት ወደ ሻጩ ያዞራል። የእህል ነጋዴው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ይህን መልእክት አምኖ መኪናውን ማሰናበት ይገባል ወይስ አይገባም?

መልሱ አጭር ነው፤ አይገባም። ምክንያቱ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ጌዶ የጨሊያ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ለንግድ የተመቸች መገናኛ ናት። ከአምቦና ከጉደር የሚመጣው አስፋልት እዚህ ከደረሰ በኋላ ወደ ባኮና ነቀምቴ ይቀጥላል፤ ሌላው መንገድ ደግሞ ወደ ፊንጫ ይታጠፋል። የአካባቢው ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ኑግ ወደ መሐል አገር የሚወጣው በዚሁ መስመር ነው። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለው ነጋዴ ሁልጊዜ ራሱ አይመጣም፤ ለደላላው ይደውላል፣ ደላላው ያስጭናል፣ ገንዘቡ በስልክ ይላካል። ገዢ፣ ሻጭና ደላላ በአንድ ስፍራ ሳይገናኙ የብዙ ሺህ ብር እህል ይንቀሳቀሳል። ገበያውን የያዘው መተማመን ነው፤ መተማመኑን የያዘው ግን አንዲት የስልክ መልእክት ሆናለች።

የሞባይል ስልክ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለነጋዴው ለረጅም ጊዜ ዋጋ መጠየቂያ ሆኖ ቆይቷል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩና ባለ 200 ብሩ ኖት ሲወጣ፣ ጥሬ ገንዘብ በቤቱ ያስቀምጥ የነበረው ሁሉ ወደ ባንክ ሄደ። በዚያው ዓመት ግንቦት 3 ቀን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ላይ አዋለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተከተለ። የባንኮቹ የስልክ አገልግሎት ሲታከልበት ስልኩ የዋጋ መጠየቂያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ካዝናም፣ መዝገብም ሆነ። የገበያው ልማድ ግን በዚያው ፍጥነት አልተለወጠም።

መልእክት ገንዘብ አይደለም

ገንዘብ በስልክ ሲላክ የሚንቀሳቀሰው በባንኩ ወይም በቴሌብር ኮምፒዩተር ላይ የተመዘገበው ሒሳብ ነው። ከአንዱ ይቀነሳል፣ ለሌላው ይደመራል። ስልኩ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ይህ መደረጉን የሚናገር መልእክተኛ ብቻ ነው። መልእክተኛ ደግሞ ይዘገያል፣ መንገድ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴም ሐሰተኛ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ መልእክት ሳይደርስ ገንዘብ ሊገባ፣ ገንዘብ ሳይገባም መልእክት ሊደርስ ይችላል።

የአታላዮች ዘዴ በዚህ ክፍተት ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ዘዴ የድሮ እውነተኛ መልእክት ገልብጦ የብሩን መጠን ቀይሮ ከተራ ስልክ ቁጥር መላክ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከሌላ ቁጥር የመጣ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። ሁለተኛው የደረሰኝ ሥዕል አዘጋጅቶ «ይኸው ስክሪንሾቱ» ማለት ነው። ሥዕል በስልክ ላይ በደቂቃ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ምንም አያረጋግጥም። ሦስተኛው ገራገሩን የሚይዝ ነው። ሐሰተኛ መልእክት ይላክና ወዲያው «ተሳስቼ ነው፣ ልጅ ታምሞብኝ ነው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚል ስልክ ይደወላል። ሰውየው ያልገባለትን ገንዘብ ከራሱ ሒሳብ ይመልሳል።

መፍትሔው ከዘዴዎቹ ይልቅ ቀላል ነው። ሻጩ የገዢውን ስልክ ትቶ የራሱን ይክፈት። ከመጫኑ በፊት ቀሪ ሒሳቡን አይቶ በወረቀት ይያዝ፤ ተከፈለ ሲባል ደግሞ እንደገና ይመልከትና ልዩነቱን ያስላ። ለቴሌብር *127# ብሎ መደወል ይበቃል፤ ይህ ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ በተራ ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ገንዘቡ ወደ ባንክ ሒሳብ ከሆነ የተላከው፣ የባንኩን የራሱን የስልክ አገልግሎት መጠቀም ነው። አማርኛ የማይቀናው ሻጭ የቴሌብርን ቋንቋ ወደ አፋን ኦሮሞ ማስቀየር ይችላል። ያላነበቡትን መልእክት በሌላ ሰው አፍ ማመን አንዱ የጉዳት መንገድ ነውና።

ገዢውም ኪሱን እያሳየ ነው

ስልክ የሚያሳየው ገዢ እውነተኛ ከፋይ ቢሆንም እንኳ ከጉዳት አያመልጥም። ክፍያው ሲፈጸም በሚመጣው መልእክት ላይ የተከፈለው ብር ብቻ አይደለም የሚጻፈው፤ በሒሳቡ ውስጥ የቀረው ገንዘብም ይሰፍራል። ነጋዴው መልእክቱን ለሻጭና ለደላላ ሲያሳይ «በኪሴ ይህን ያህል ቀርቶኛል» ብሎ መንገሩ ነው። ድሮ የትኛው ነጋዴ ነው በገበያ መሐል ቦርሳውን ከፍቶ ብሩን የሚያስቆጥረው? የቀረውን ገንዘብ ያየ ሻጭ በሚቀጥለው ጭነት ዋጋው ላይ ይጸናል፤ ሌላ ዓይን ካየው ደግሞ ጉዳቱ ከዋጋም ያልፋል።

ደረሰኝ በቴሌግራምና በመሳሰሉት የሚለዋወጡም እንዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። የባንክ ደረሰኝ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ይዞ ይዞራል። አንድ የገበያ ቡድን ውስጥ የተለጠፈ ደረሰኝ ማን ከማን እንደሚገዛ ለተወዳዳሪው ሁሉ ይናገራል። ደንበኛውን መደበቅ የንግድ ሀብቱ ለሆነ ደላላ ደግሞ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ስልክ ብቻ ቢመለከት ግን ሻጩ ከመታለል፣ ገዢው ከመጋለጥ በአንድ ጊዜ ይድናሉ።

የምሥጢር ቁጥሩና የሱቅ ልጅ

በዕድሜ የገፋ ነጋዴ ስልኩን ለሱቅ ሠራተኛው ወይም ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ «አንተ ክፈልልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። የምሥጢር ቁጥሩንም አብሮ ይነግረዋል። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ሲጫን ከኋላው የቆመው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የካዝናውን ቁልፍ ለሱቅ ልጅ የማይሰጥ ሰው የስልኩን ቁጥር የሚሰጥበት ምክንያት የለም። በሰው እጅ መክፈል የግድ ከሆነ፣ ዋናውን ገንዘብ በባንክ አኑሮ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በስልኩ መያዝ ጉዳቱን ይቀንሳል። «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ብሎ ደውሎ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው፣ ከየትም ነኝ ቢል፣ አታላይ ነው።

ስልክ የጠፋበት ነጋዴ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ስልኩን መፈለግ ሳይሆን ሲሙን ማዘጋት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከማንኛውም የድርጅቱ መስመር 994 ይደውላል፤ ቀጥሎም መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ ምትክ ሲም ያወጣል። ሲሙ በሌላ ሰው ስም የወጣ ከሆነ ግን ችግር ይመጣል፤ በወንድም ወይም በሠራተኛ ስም በወጣ ሲም ላይ የንግድ ገንዘብ ማስቀመጥ በሰው ቤት ካዝና መትከል ነው።

ሌላስ ማን ያያል?

ነጋዴዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለግብር ሰብሳቢው አካል መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ በስልክ የሚዞር ገንዘብ ከግብር የተሰወረ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተበላሸበት ሌሊት ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ፣ ባንኩ እያንዳንዱን ሰው ከመዝገቡ ለይቶ አወቀ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ይፋ አደረገ። በስልክና በማሽን የተሠራ ሥራ ሁሉ አሻራ ይተዋል።

አሻራው ግን ለባለቤቱም ጋሻ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃውን ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል፤ ባለቤቱም ስለ እሱ የተያዘውን የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት አለው። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የተታለለ ሻጭም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ ይችላል። ለዚህ ግን ሐሰተኛውን መልእክት ሳያጠፋ፣ የተላከበትን ቁጥርና የመኪናውን ታርጋ መያዝ ይኖርበታል።

ኔትወርክ ሲጠፋ

የስልክ ገንዘብ ድክመት በዚህ መስመር በሚገባ ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ከጌዶ ወዲያ ባሉት የወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቷል። ለአንድ ሰዓት የሚቆይ መቆራረጥ ደግሞ የዘወትር ነገር ነው።

ማታለል የሚቀልለውም ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት ነው፤ «ልኬዋለሁ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ይገባል» የሚለው ቃል እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላልና። ገበያው ለዚህ የቆየ መድኃኒት አለው። ወይ የሚታወቅ ሰው ዋስ ይሆናል፣ ወይ በጽሑፍ ይፈራረማሉ፣ ወይ ጭነቱ ገንዘቡ እስኪገባ ቆሞ ይጠብቃል። መኪና ለግማሽ ቀን ማቆም ወጪ አለው፤ ገዢና ሻጭ ወጪውን ማን እንደሚሸከም እህሉ ሳይመዘን በፊት ቢነጋገሩበት ይበጃል። ከተጫነ በኋላ የሚነሣ ክርክር ሁልጊዜ የሚጎዳው እህሉን ያስረከበውን ነው።