ያውቁ ኖሯል? የፕሮፌሰሩ ሣጥኖችና የዋሽንግተን ቁርጥራጮች

ጃሬድ ስፓርክስ (1789–1866) የአሜሪካን የቅኝ ግዛትና የአብዮት ዘመን ሰነዶች ከየጓዳው ለቅመው ያሰባሰቡ የሐርቫርድ የታሪክ ፕሮፌሰር ነበሩ። ያዳኑት ወረቀት ብዙ ነው፤ መቀስ ያሳረፉበትም አለ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

• ስፓርክስ ከመምህርነታቸው በፊት አናጺ፣ ኋላም በባልቲሞር የዩኒቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? በ1821 ደግሞ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ጸሎት መሪ ሆነዋል። ሐርቫርድ በ1838 የሰጣቸው ወንበር በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውጭ ላለ ታሪክ የመጀመሪያው የፕሮፌሰርነት ወንበር እንደነበር ይነገራል።

• የጆርጅ ዋሽንግተን ወረቀቶች በ1827 ከማውንት ቨርነን ወጥተው ቦስተን የገቡት በስፓርክስ እጅ ነው። የወረቀቶቹ ወራሽ፣ የዋሽንግተን የወንድም ልጅና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ቡሽሮድ ዋሽንግተን፣ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር። በኋላ የተስማሙት በውል ነው፤ ከሚታተመው መጽሐፍ ትርፍ ግማሹ ለስፓርክስ፣ ግማሹ ለራሳቸውና ለዋና ዳኛው ለጆን ማርሻል።

• የፌዴራል መንግሥቱ ከእነዚሁ ወረቀቶች መንግሥት ነክ የሆኑትን በ1834 በ25,000 ዶላር ገዝቷል።

• ዋሽንግተን በ1789 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሊያሰሙት አስበው የተዉት ሌላ ንግግር እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? ከ60 ገጽ በላይ ሲሆን፣ ዋሽንግተን በገዛ እጃቸው ገልብጠውታል። ስፓርክስ ለኅትመት አይበጅም ብለው ጄምስ ማዲሰንን አማከሩ፤ ማዲሰንም ተስማሙ። ከዚያ መቀሱ ወጣ። የታላቁን ሰው የእጅ ጽሑፍ ለማስታወሻ ለሚለምን ሁሉ ከንግግሩ እየቆረጡ አደሉት፤ ለአንዱ ሙሉ ቅጠል፣ ለሌላው ጥቂት መስመር። ተመራማሪዎች ከየሰብሳቢው እጅ ያገኙትን ቁራጭ ቢያሳትሙም ንግግሩ ዛሬም ሙሉ አይደለም።

• ስፓርክስ የዋሽንግተንን ቋንቋም አርመዋል! ጄኔራሉ በደብዳቤያቸው የጦር ጓዳቸውን እስራኤል ፑትናምን «ሽማግሌው ፑት» ብለው ቢጠሩት፣ በ12 ቅጽ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ «ጄኔራል ፑትናም» ሆኖ ወጣ። የተላከውን ገንዘብ ማነስ ከቁንጫ ንክሻ ጋር ያመሳሰሉበት ቦታም ጨዋ በሆነ አነጋገር ተተካ።

• ነገሩ የታወቀው የአንዳንዶቹ ደብዳቤዎች ዋና ቅጂ በሌላ ሰው በ1847 ሲታተም ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ሎርድ ማሆን አርታኢውን በአደባባይ ከሰሱ፤ ስፓርክስም በ1852 መልስ ሰጡ። ከመልሳቸው ውስጥ አንዱ ውሃ የሚያነሣ ነበር፦ ዋሽንግተን ራሳቸው በወጣትነታቸው፣ በቅኝ ግዛቱ ዘመን፣ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ግልባጭ ካረጁ በኋላ ቁጭ ብለው አርመውታል። ስለዚህ ልዩነት በታየ ቁጥር ጥፋቱ የአርታኢው ብቻ ላይሆን ይችላል።

• ስፓርክስ ፓሪስ ውስጥ ያዩት አንድ ካርታ አገራቸው በሜይን በኩል ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን የድንበር ክርክር ሊያበላሽ ደርሶ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በታኅሣሥ 1782 ለፈረንሳዩ ሚኒስትር ድንበሩን በቀይ መስመር አስምረው ካርታ እንደላኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ያገኛሉ። ካርታውን ፍለጋ ከ60,000 በላይ ካርታ ወዳለበት መዝገብ ቤት ገብተው በ1746 የተሠራ፣ ጎንና ጎኑ ግማሽ ሜትር የማይሞላ የዳንቪል ካርታ ያወጣሉ። ቀዩ መስመር አለ፤ ግን የሚደግፈው የእንግሊዝን ወገን ነው! ካርታው የፍራንክሊን ለመሆኑ ማረጋገጫ ባይኖራቸውም በየካቲት 1842 ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለዳንኤል ዌብስተር በምስጢር ጻፉ። ዌብስተርም ስፓርክስን ወደ ሜይን ላኳቸው፤ የግዛቲቱ ሹማምንት ካርታውን አይተው ለስምምነት እንዲለሳለሱ።

• እንግሊዞችም የደበቁት ነበራቸው። በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ስብስብ ውስጥ የተገኘው ባለ ቀይ መስመር ካርታ አሜሪካን የሚደግፍ ስለነበር ከብሪቲሽ ሙዚየም አንሥተው ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስቀመጡት። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ጉድ ይዘው የድንበሩን ስምምነት በነሐሴ 1842 ተፈራረሙ። ከ12,000 ካሬ ማይል አወዛጋቢ መሬት ወደ 7,000 የሚጠጋው ለአሜሪካ ደረሰ።

• የስፓርክስ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች ዛሬ አንድ ጣሪያ ሥር አይደሉም። መጻሕፍቱን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1872 ወሰደ፤ የእጅ ጽሑፎቹ ሐርቫርድ፣ ሃውተን ቤተ መጻሕፍት ናቸው።

• ከሐርቫርዱ ስብስብ ለቅኝ ግዛት ዘመን ተመራማሪ እጅግ የሚጠቅመው የሰር ፍራንሲስ በርናርድ ደብዳቤ ነው። በርናርድ ከ1760 እስከ 1769 የማሳቹሴትስ ገዢ የነበሩ፣ በቴምብር ቀረጡ ዓመጽ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር የተቃቃሩ ሰው ናቸው። ወደ ለንደን የላኳቸው ደብዳቤዎች አፈትልከው ቦስተን ላይ ሲታተሙ ሥልጣናቸው አበቃ። የአብዮተኞቹን ቃል ለማስቀመጥ የተሽቀዳደመው ብዙ ነበር፤ የተጠላውን ገዢ የደብዳቤ መዝገብ ግን ስፓርክስ ገዝተው አስቀመጡ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ቦስተን የሚጽፍ ተመራማሪ በግርጌ ማስታወሻው በርናርድን ሲጠቅስ የስፓርክስንም ስም አብሮ ይጽፋል፤ የስብስቡ መለያ እርሱ ነውና።