የጣሊያንኛን ሰዋስው ከዕለት ንግግር ስለ መረዳት

የባዕድ ቋንቋ ለሚማር ሰው ብዙ ቃል ከማከማቸት ይልቅ የንግግሩን አገባብ መለየት ይቀድማል። ቃሉን ይዞ አገባቡን ያላወቀ፣ እንጨትና ድንጋይ ሰብስቦ ቤት መሥራት እንዳቃተው ሰው ነው። የጣሊያንኛ ሰዋስውም በማዕድና በመንገድ ከሚነገሩ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይገለጣል።

«ኢል ራጋትሶ ማንጃ ኢል ፓኔ» ማለት «ልጁ ዳቦውን ይበላል» ማለት ነው። በአማርኛ ማሠሪያው አንቀጽ በመጨረሻ ይቆማል፤ በጣሊያንኛ ግን በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ይገባል። ተሳቢው እንደ አማርኛው «ን» የሚል ምልክት ስለሌለው፣ የሚበላውና የሚበላለት የሚለዩት በስፍራቸው ነው።

ነፍስ የሌለውም ነገር ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ይባላል፤ ዳቦ «ኢል ፓኔ» ተባዕት፣ ቤት «ላ ካሳ» አንስት ነው። ወደ አማርኛ የገቡት መኪናና ጎማም በጣሊያንኛ አንስት ናቸው። ቅጽል ብዙ ጊዜ ስሙን ይከተላል፤ «ላ ካሳ ቢያንካ» ነጩ ቤት ማለት ነው። በግዕዝ «ብእሲ ጻድቅ» ማለትን ለሚያውቅ ሽማግሌ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የአንቀጹ መድረሻ ባለቤቱን ያስታውቃል፤ «ማንጆ» እበላለሁ፣ «ማንጂ» ትበላለህ፣ «ማንጃሞ» እንበላለን። «ማንጃ» ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ለታላቅ ሰው «ሌይ ማንጃ» ይባላል፤ በቁሙ «እርሷ ትበላለች» ሲሆን ምሥጢሩ «እርስዎ ይበላሉ» ነው።

ደግሞ «ፑኦ ማንጃሬ» ሊበላ ይችላል፣ «ዴቬ ማንጃሬ» መብላት አለበት ማለት ነው። ረዳቱ ቃል በአማርኛ ኋላ፣ በጣሊያንኛ ፊት ይመጣል። ፈቃድንና ግዴታን የሚለየው ይህ አንድ ቃል ስለሆነ በብርቱ ሊጠነቀቁለት ይገባል።

የዚህም ምስክር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። በጣሊያንኛው ግን «ፑኦ» በማለት ፈንታ «ኮንሴንቴ»፣ ማለት «ተስማምተዋል»፣ የሚል ገባ፤ የኢጣሊያም መንግሥት እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለ። ይህ ክርክር በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ለተደረገው ጦርነት ዋና ምክንያት ሆነ።

እንግዲህ መምህር ለተማሪው የአንቀጽን ርባታ ሲያስተምር ትንሽ ነገር ያስተማረ አይምሰለው። አንዲት ቃል በማዕድ ስትሳሳት ሣቅ ታመጣለች፤ በውል ስትሳሳት ግን ደም ታፈሳለች።